ነጠላ የለበሰው ጠርሙስ

ሐበሻ ለዕረፍት ብሎ ዘመድ ወደሌለው አገር አይሄድም። ለመሳደብ አይደለም፤ እኔው ራሴ ለንደን ከገባሁ ጀምሮ "ሆሊዴይ" የሚሉትን ነገር የማውቀው በአዲስ አበባ በኩል ብቻ ነበር። በሁለት ሻንጣ የሰው አደራ ተሸክሞ መሄድ፣ በሁለት ሻንጣ በርበሬና ሽሮ ተሸክሞ መመለስ፣ ከዚያ ከዕረፍቱ ለማረፍ አለቃን የሕመም ፈቃድ መለመን። ስለዚህ ባለቤቴ ሰናይት አንድ ማታ ላፕቶፗን ዘጋ አድርጋ "ሞቃት ደሴት ቡክ አድርጌያለሁ፤ ሄደን እንተኛለን" ስትለኝ ከአፌ የወጣው የመጀመሪያ ቃል "ማን ሞተ?" የሚል ነበር።

"ማንም አልሞተም! እናርፋለን።"

"እዚያ ማን አለን?"

"ማንም የለንም። ዕረፍቱ እሱ ነው እኮ።"

የደሴቲቱን ስም አልነግራችሁም። ለቅሶ ተቀምጬባት የመጣሁ አገር ናት፤ ስሟን ብጠራ አንዳችሁ ሄዳችሁ "ሟቹ እንዴት ናቸው?" ብላችሁ ታዋርዱኛላችሁ። ቀስ ብዬ እደርስበታለሁ።

ነገሩ የተጀመረው ግን ደሴቲቱ ላይ ሳይሆን ለንደን፣ ስቶክዌል ሰፈር፣ እኛ ሳሎን ውስጥ ነው። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እኛ ቤት ምሳ የሚበሉ ጋሽ መኮንን የሚባሉ ሽማግሌ አሉ። የድሮው ባሕር ኃይል አባል ነበሩ። ይህን ለማወቅ መጠየቅ አያስፈልግም፤ ሻይ ሲቀዳላቸው እንኳ "እኛ ባሕር ኃይል እያለን..." ብለው ነው ስኳር የሚጨምሩት። ከእኛ ማዶ ኪልበርን ሰፈር ያሉ ምላሰኞች "የሙዚቃ ክፍል ጥሩምባ ነፊ ነበሩ፤ መርከብ የሚያውቁት ሲሸኙ ነው" እያሉ ያሟቸዋል። እኔ የለሁበትም።

ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ለንደን ውስጥ ስንቱ ወዳጅ እንደተኳረፈ፣ ስንቱ ዕቁብ እንደፈረሰ የምታውቁት ነው። እኛም ቤት ምርጫው ካለፈ ከዓመታት በኋላ እንኳ ጋሽ መኮንንና እኔ እሱን ካነሳን ወጡ ይቀዘቅዛል፣ ጎረቤት ግድግዳ ይደበድባል። አንድ እሑድ ታዲያ አማቴ እማማ ተዋበች ጭልፋቸውን ይዘው መሃላችን ቆሙና "በዚህ ቤት ከእንግዲህ መንግሥት አይነሳም!" ብለው አዋጅ አወጡ። ከዚያ ወዲህ የምንጨቃጨቀው ስለ ሌላ ሌላው ነው። ስለ ንብ። ስለ ድንች። በግራ ጎን መተኛት ይሻላል ወይስ በቀኝ። ሐበሻን ከእህል ብትከለክሉት ይጾማል፤ ከክርክር ብትከለክሉት ግን ይታመማል።

የዚያን እሑድ ሰናይት የደሴቲቱን ፎቶ እያሳየች "ተራራዋ ላይ ጨው የሌለው ሐይቅ አለ ይላል" አለች።

"ውሸት!" አሉ ጋሽ መኮንን፣ ጉርሻውን ሳይውጡ።

"ኧረ ጋሼ፣ ኢንተርኔት ላይ ተጽፏል" አልኩ።

"ኢንተርኔት ባሕር ኃይል ነበር?" ጉርሻውን ዋጡ። "ስማ፤ ደሴት ማለት ጨው ውስጥ የተዘፈዘፈ መሬት ማለት ነው። ሥሩ ጨው፣ ዙሪያው ጨው፣ ነፋሱ ጨው። ጨው ውስጥ የከረመ ድንች አልጫ ሆኖ ይወጣል? ጣና ላይ ደሴት አለ፤ ደሴት ላይ ጣና አለ ሲባል ግን በዕድሜዬ አልሰማሁም።"

ሳቅሁ እንጂ ነገሩ ከነከነኝ። እውነትም እንዴት ይሆናል? ባሕሩ በአራቱም በኩል ከቦት፣ ሐይቁ መሃል ላይ ብቻውን ጨው ሳይነካው የሚኖረው ማን ይዞት ነው? እኔ ደግሞ አንድ ነገር ከከነከነኝ እንቅልፍ አይወስደኝም። "ቀምሼ እመጣለሁ" አልኩ።

"የአንተ ምላስ ምስክር አይሆንም" አሉ ጋሽ መኮንን። "ቀድተህ አምጣልኝ። ከዳር የተቀዳ ግን አልቀበልም፤ እሱ የዝናብ ውሃ ነው። ጨው ከባድ ስለሆነ ከታች ነው የሚተኛ። ከመሃል፣ ከሥር ቅዳ። ጠርሙሱን በቡሽ ትወትፋለህ፣ ድንጋይ ታስርበትና ወደ ታች ትለቀዋለህ፣ ቡሹን በሌላ ክር ትነቅላለህ። እንዲያ ሆኖ ጨው ከሌለው እዚሁ ሳሎን ቆሜ 'አላውቅም ነበር' እላለሁ።"

ሰናይትና እኔ ተያየን። ጋሽ መኮንን "አላውቅም" ሲሉ የሰማ ሰው በለንደን የለም። መንገድ ጠፍቷቸው ከተማው ሌላ ጫፍ ቶተንሃም ሲገኙ እንኳ "ለጉብኝት ነው" ነው የሚሉት።

ይህ ሁሉ ሲሆን እማማ ተዋበች ጥግ ላይ ተቀምጠው ነጭ ሽንኩርት ይልጣሉ።

ስለ እማማ ልንገራችሁ፤ የዚህ ወግ ሸክም ያለው እሳቸው ላይ ነው። አገር ቤት እያሉ ሰፈር የሚያስተዳድሩ፣ ዕድርተኛ የሚያስታርቁ ሴት ነበሩ። ለንደን በመጡ በሳምንታቸው ከሰናይት ጋር አውቶቡስ ተሳፈሩ። አንዲት እናት የልጅ ጋሪ ማውረድ አቅቷት ስትታገል ሰናይት ልታግዛት ወረድ ስትል በሩ ተዘጋ። ሰናይት ውጭ፣ እማማ ውስጥ። አውቶቡሱ ሄደ። ፍለጋ ላይ ፍለጋ፣ በመጨረሻ ቮክስሆል ፌርማታ ላይ ነጠላቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው፣ ከተማው እየተራመደባቸው ቆመው አገኘናቸው። አላለቀሱም። "የዚህ አገር በር ሲዘጋ ሰው አያይም" አሉ፣ በቃ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ብቻቸውን ከደጃፍ ወጥተው አያውቁም። የሰፈሩን መንገድ የሚያውቁት በመስኮት ነው።

ልንሄድ ስንል ለሰናይት እንዲህ አሏት፤ "እስከ ፋሲካ ብቻዬን መውጣት ካልቻልኩ ወደ አገሬ ስደጂኝ። ሰው በልጁ ቤት ዕቃ ሆኖ አይቀመጥም።" ሰናይት ይህን ስትነግረኝ አለቀሰች። አባቷ ያረፉት የመኖሪያ ወረቀቷን እየጠበቀች ሳለ ነው፤ ቀብራቸው ላይ አልደረሰችም። እናቷንም እንደገና አውሮፕላን ላይ መሸኘት ማለት ለእሷ ሁለተኛ ቀብር ነበር። እህቷ ገነት ከቶተንሃም መጥታ እማማ ጋር ልትቆይ ተስማማች፣ እኛ ሄድን።

ደሴቲቱ እንደተባለችው ናት። ሙቀቱ ከአውሮፕላን ስትወርዱ ፊታችሁን በእርጥብ ፎጣ ይጠርገዋል። ሆቴሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ባሕር ዳር ተጋድሟል፤ ፈረንጅ ለመጥቆር ከፍሎ ይመጣል፣ እኔ በነፃ ጠቁሬ ሳበቃ ጥላ እፈልጋለሁ። በማግስቱ "ሐይቁ በየት ነው?" ብዬ የእንግዳ መቀበያዋን ልጅ ጠየቅኋት። "ባሕሩ እኮ እዚህ ነው" አለችኝ በሐዘኔታ። በዓመት አንድ ሰው የሚጠይቅ አይመስለኝም። ብቻ ሾፌር ተገኘልን።

ተራራውን ስንወጣ ዝናብ ጣለ፣ አባራ፣ እንደገና ጣለ። ዛፎቹ እርስ በርስ ተደጋግፈው ሰማዩን ዘግተውታል። ከዚያ መኪናው አንድ ጥምዝ ዞረ፣ ዛፉ ገለጥ አለ። ሐይቁ ድሮ እሳተ ገሞራ በነበረ ጉድጓድ ውስጥ ተኝቷል። ጥቁር አረንጓዴ፣ ድምፅ የሌለው። ከአፋፉ ቆማችሁ ዞር ስትሉ ደግሞ ባሕሩ ከታች በሩቁ ያብለጨልጫል። ሁለቱም ውሃ ናቸው፤ አንዱ ይጠጣል፣ አንዱ አይጠጣም፤ በመሃላቸው ያለው አንድ ተራራ ብቻ ነው።

"ውሃው ከየት ነው የሚመጣው?" አልኩት ሾፌሩን። ጣቱን ወደ ሰማይ ቀሰረ።

"እሺ፣ ለምን ሰርጎ ባሕሩ ውስጥ አይገባም?" መሬቱን አየ፣ እኔን አየ፣ ትከሻውን ሰበቀ። ሰው በሠላሳ ዓመቱም በስድሳ ዓመቱም ሊጠይቀው የሚችለው ጥያቄ ነበር፤ ለእሱ ግን የመጣበት የመጀመሪያ ቀን ይመስላል።

በስመ አብ ብዬ ጎንበስ አልኩና በእፍኜ ቀመስኩ። ጨው የለውም። ለማረጋገጥ ደገምኩ። ዞር ብዬ በድንጋዩ በኩል፣ ከዚያም ሸንበቆ በበቀለበት በኩል ቀመስኩ።

"ምን ምን እየጠጣህ እንደሆነ ታውቃለህ?" አለች ሰናይት። ሆስፒታል ነው የምትሠራው፤ የምትጠላቸውን ትላትል በስማቸው ታውቃቸዋለች።

"ለዕውቀት ነው።"

"ዕውቀቱ ሌሊት ይወጣልሃል።"

የቀረው የመሃሉ ውሃ ነው። ዳር ላይ አንድ አዛውንት ዓሣ አጥማጅ ከእንጨት የተፈለፈለች ጠባብ ጀልባቸውን ያራግፋሉ። ለመንኳቸው፣ እሺ አሉ። እኔ ዋና አልችልም። ከሻወር የጠለቀ ውሃ ውስጥ ገብቼ አላውቅም። ሆኖም ሰው ከጋሽ መኮንን ጋር ሲወራረድ የሚያጣው አእምሮውን ነው። የሆቴሉን የመስታወት ጠርሙስ አወጣሁ፣ ከምግብ ቤቱ የለመንኩትን ቡሽ ወተፍኩበት፣ ድንጋይ አሰርኩበት። ገመድ? ገመድ ረስቻለሁ! የአንድ እግሬን ጫማ ክር ፈታሁ፤ አልበቃም። ቀበቶዬን ቀጠልኩበት፤ አልበቃም። ዓይኔ ሰናይት ለፀሐይ ብላ ትከሻዋ ላይ ጣል ያደረገችው ነጠላ ላይ አረፈ።

"እንዳታስበው!" አለች።

"አጥቤ እመልስልሻለሁ እኮ..."

"እናቴ የሰጠችኝን ነጠላ ለጥሩምባ ነፊ ብለህ ሐይቅ ልትከትብኝ?" አለች፤ ተሳደበች፤ ሰጠችኝ። ሰናይት ስድቧን ከጨረሰች የማትሰጠው ነገር የለም። የሌላውን እግሬን ክር ዳር ላይ በወደቀ ቀጭን የዓሣ ማጥመጃ ክር አስረዝሜ ለቡሹ መንቀያ አደረግሁት።

አሁን እኔን በዓሣ አጥማጁ ሽማግሌ ዓይን እዩኝ። ጀልባዋ መሃል ደርሳ ትንቀጠቀጣለች። እኔ በፍርሃት፣ ጥርሴን ሳልከፍት፣ "አባታችን ሆይ" እደግማለሁ፣ ድምፄ ያለቅሳል። የፀሐይ ክሬሙ ከላቤ ጋር ዓይኔ ውስጥ ገብቶ እንባዬ በጉንጮቼ ይወርዳል። በሁለት እጄ በነጭ ጨርቅ የታሰረ ጠርሙስ ቀስ፣ ቀስ አድርጌ ወደ ጥልቁ እሰዳለሁ። ሽማግሌው መቅዘፊያቸውን አቆሙ። ባርኔጣቸውን አወለቁ። አማተቡ። ከዚያ የሟች አመድ ለውሃ የማስረክብ መስሏቸው በለሆሳስ፣ በእንግሊዝኛ "አባትህ ናቸው?" አሉኝ።

የቡሹን ክር በጥርሴ ነክሼዋለሁ። አፌን ብከፍት ክሩ ያመልጠኛል፣ ሳምንቱ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። እንዲተዉኝ ብዬ ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ።

ይኸው ነው ጥፋቴ። አንድ ንቅናቄ።

ጠርሙሱ ሞልቶ ወጣ፤ ቡሹን መልሼ ወተፍኩ፤ ዳር ደረስን። ሽማግሌው ለባለቤታቸው አንድ ነገር አሏቸው፤ ባለቤታቸው እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ። ከየት እንደመጡ ሳላውቅ ሴቶች መጡ። ጥላ ሥር አስቀመጡን። የተቀቀለ ሥራሥርና ዓሣ ቀረበ። አንዱ መጥቶ ትከሻዬን ይይዛል፣ አንዷ እጄን ይዛ አጠገቤ ዝም ብላ ትቀመጣለች። አገሩ ይራቅ እንጂ ለቅሶ መሆኑ አልጠፋኝም።

"ምንድነው ያልካቸው?" አለች ሰናይት በጥርሷ።

"ምንም! አፌ ተይዞ ነበር።"

"እና ማን ሞቶ ነው?"

"አባቴ።"

"አባትህ ትናንት ጫማ ግዛልኝ ብለው ደውለው የለም እንዴ!"

"ድምፅሽን ቀንሺ፣ ይሰሙሻል።"

ልነሳና እውነቱን ልናገር ነበር፤ በጌታ እምላለሁ። ነገር ግን የሽማግሌው ባለቤት ሰናይት አጠገብ ተቀመጡና ራሷን ሳብ አድርገው ደረታቸው ላይ አስደገፏት። ሰናይት መጀመሪያ ደረቅ አለች። ከዚያ አለቀሰች፤ አባቷን በስማቸው እየጠራች፣ በአማርኛ፣ ቋንቋዋን የማይሰሙ ሴቶች መሃል፣ ያን ሁሉ ዓመት ለንደን ውስጥ በፈረቃና በአውቶቡስ መሃል ቦታ ያጣችለትን ልቅሶ አለቀሰችው። ሴቶቹም አብረዋት አለቀሱ። እኔም ቻልኩ እንዴ? ስለዚህ ማንንም አላታለልንም። አባት ሞቷል፤ የእኔ አባት አይደለም እንጂ።

ስንመለስ መኪናው ውስጥ ሰናይት ዓይኗ አብጦ፣ ፊቷ ግን በርቶ "ሐይቅህ ደግ ነው" አለችኝ።

ሌሊት ደግነቱ አለቀ። የቀመስኩት ሐይቅ ከነነዋሪዎቹ ሆዴ ውስጥ ተነሳ። የዕረፍታችንን ግማሽ ያሳለፍኩት መታጠቢያ ቤት ነው፤ ስለ ደሴቲቱ ንጣፍ ድንጋዮች ብትጠይቁኝ አስረዳችኋለሁ። ጠርሙሱ ግን ደህና ነበር። መስታወት ስለሆነ እንዳይሰበር በዚያው በታጠበው ነጠላ ጠቀለልነው፣ በጫማ ክር አሰርነው፣ ሻንጣ መሃል አስተኛነው።

አሁን ልብ በሉ። ከሻንጣ ውስጥ በነጠላ ተጠቅልሎ፣ በክር ታስሮ የሚወጣ የውሃ ጠርሙስ ሐበሻ ቤት ውስጥ ምን ተብሎ ይጠራል?

የደረስን ቀን እንደ ሬሳ ተኛን። ጠዋት ስነሳ እማማ ሻንጣውን አራግፈው ልብሱን አጥበዋል። ጠርሙሱ የጸሎት መጽሐፋቸው አጠገብ፣ መደርደሪያው ላይ ቆሟል። "እግዜር ይስጥህ ልጄ" አሉኝ። "ጠበል ታመጣልኛለህ ብዬ አላሰብኩም ነበር። ዛሬ በጠዋት በስኒ ጠጣሁለት።"

ማስረጃዬ! ወዲያው ደግሞ፣ ሆዳቸው! እኔን ጎረምሳውን የጣለ ውሃ አሮጊቷን ምን ሊያደርግ ነው? ወደ ጓዳ ሮጬ ለሰናይት ነገርኳት።

"ሳይፈላ?!" አለች ሰናይት ግንባሯን ይዛ።

"ጠበል ይፈላል እንዴ?"

ልንነግራቸው ተያይዘን ስንመለስ ሳሎኑ ባዶ ነው። እማማ የሉም። ሰናይት "እናቴ!" ብላ ጮኸች፤ እኔ "ጠርሙሴ!" አልኩ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ጠርሙሱ ቦታው ላይ ነበር። ወደ ደጅ ስንወጣ እማማ ከማዶ ካለው ሱቅ፣ ሽንኩርት የያዘ ፌስታል አንጠልጥለው፣ መንገድ ግራና ቀኝ እያዩ ሲመጡ አገኘናቸው። ብቻቸውን!

"ምነው ደጃፍ ላይ ተገተራችሁ?" አሉን። "ሽንኩርት አልቆ ነበር።"

ሰናይት እጄን ቆነጠጠችኝና "ትንፍሽ ብትል!" አለች።

በዚያው ሰዓት ጋሽ መኮንን ደወሉ። ጉንፋን ይዟቸው ምላሳቸው ጣዕም አይለይም፤ የሚመጡት በሚቀጥለው እሑድ ነው። ያ ሳምንት የሕይወቴ ረጅሙ ሳምንት ነበር። እማማ በየጠዋቱ ከጠርሙሱ በስኒ ይጠጣሉ፣ ነጠላቸውን ያጣፋሉ፣ ይወጣሉ። በማግስቱ ፌርማታው ድረስ ሄደው አውቶቡሶቹን ቆመው አይተው ተመለሱ። ቀጥሎ አንድ ፌርማታ ተሳፍረው በእግራቸው መጡ። ሰናይት መስኮት ላይ ተለጥፋ፣ ጥፍሯን እየበላች ትጠብቃቸዋለች፤ ሲመለሱ እያየች እንዳላየ ሰሃን ታጥባለች። ሐሙስ ዕለት ገበያ ሄጄ መጣሁ አሉ፤ ዓርብ ኪልበርን ያሉ የአገራቸውን ልጅ ጠይቀው፣ ባቡር ቀይረው፣ የኪልበርንን ሐሜት ሁሉ ተሸክመው ገቡ። ሆዳቸውን ደግሞ ምንም አላለው! እኔን አልጋ ላይ የጣለ ውሃ እሳቸውን ከአልጋ አስነሳ።

እኔ ግን ጠርሙሱን አያለሁ። እሳቸው አንድ ሰፈር በራቁ ቁጥር የእኔ ማስረጃ አንድ ጣት ይወርዳል። በአንድ ዓይኔ እደሰታለሁ፣ በአንድ ዓይኔ እለካለሁ። ሰናይት ስለካ ያዘችኝ። "እናቴ ትበልጣለች ወይስ የመኮንን 'አላውቅም'?" አለች። እናትሽ፣ አልኩ። ብቻ የዕድሜ ልክ ዕድል ነበር፣ አትሉም?

ጭንቀቴ ሌላም ነበረው። እሑድ ጋሽ መኮንን መጥተው "የታለ የሐይቅህ ውሃ?" ያሉ ቀን እማማ ጠበል ያሉት ምን እንደሆነ ይሰማሉ። ያን ጊዜ ድፍረታቸው ከጠርሙሱ ጋር ቢሰበርስ? ፋሲካ ደርሷል። ተመልሰው መስኮት ሥር ቢቀመጡስ?

እሑድ እማማ በማለዳ ተነስተው ብቻቸውን በአውቶቡስ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። ሲመለሱ በሩን ስከፍት ጋሽ መኮንን ክንዳቸውን ይዘው ቆመዋል። አይ፣ ልክ ልበል፤ እማማ ናቸው የጋሽ መኮንንን ክንድ የያዙት። "ጉንፋኑ አድክሟቸዋል፤ አውቶቡስ ላይ እንዳይወድቁብኝ ደግፌ አመጣኋቸው" አሉና ወደ ጓዳ አለፉ።

ጋሽ መኮንንን ኮሪደር ላይ ግድግዳ አስደገፍኳቸው። "ጋሼ፣ በእመብርሃን፣ ስለ ሐይቁ አያንሱ። እማማ ጠበል ነው ብለው ጠጥተውት ነው ይኸው የሚወጡት የሚገቡት። ውርርዱን ትቼዋለሁ፣ አሸንፈዋል።"

ጋሽ መኮንን ጢማቸውን ሳብ ሳብ አደረጉ። ድል እንዲህ በኮሪደር ተጠቅልሎ ሲሰጣቸው ደስ አላላቸውም፤ አየሁባቸው። ሳይመልሱልኝ እማማ ብቅ አሉ፤ በአንድ እጃቸው ጠርሙሱን፣ በአንድ እጃቸው ስኒ ይዘዋል። የመጨረሻዋን ጭላጭ ስኒው ውስጥ ገለበጡ።

"ይሄን ይቅመሱ ጋሽ መኮንን፤ ለጉንፋኑ።"

ሰናይት እጇን አፏ ላይ አደረገች። ጋሽ መኮንን ስኒውን ተቀበሉ፣ ሳሎን ገብተው ቁጭ አሉና አፋቸው ውስጥ አመላለሱት፣ ዋጡ።

"ጨው የለውም" አሉ። የእማማን ፊት አዩ፣ የእኔን አዩ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "አላው... አላውቅም ነበር፣ እንዲህ ያለ ጥሩ ጠበል መኖሩን።"

ወይ ጋሽ መኮንን! ያን ቃል አሉት፤ ያውም ለሰው ሲሉ። ልስማቸው ምንም አልቀረኝም። እሳቸው ግን ባሕር ኃይል ናቸውና አላስቻላቸውም፤ ከንፈራቸውን ላስ አደረጉና "ብቻ ይህ ውሃ እሳት አይቷል" አሉ። "ፈልቷል።"

ሁላችንም ወደ እማማ ዞርን። እማማ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ከደኑ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር፤ ለካ እየሳቁ ነው።

"ታዲያስ!" አሉ። "ይኸ ልጅ ከሐይቅ ቀድቶ ያመጣውን ውሃ ጥሬውን ልጠጣ? ሆዱ እንዴት እንደሆነ ገነት በስልክ ሰምታ ነግራኝ የለም? በመጣ ማግስት በማለዳ አጥልዬ፣ አፍልቼ፣ አቀዝቅዤ ወደ ጠርሙሱ መለስኩት።"

"ሐይቅ መሆኑን ያውቁ ነበር?!" አልኩ።

"እዚሁ ጥግ ተቀምጬ ሽንኩርት ስልጥ እኮ ነው የተወራረዳችሁት። ጠበል ቢሆን አፈላው ነበር?"

"ከፈላማ ማስረጃ አይሆንም!" ብለው ጋሽ መኮንን ከተቀመጡበት ተነሱ፣ ጉንፋኑ የት እንደገባ እንጃ። "ጨውን እሳቱ አጥፍቶት ይሆናል!"

"ወጥ ሲንተከተክ ጨው ይበዛል ወይስ ይጠፋል?" አሉ እማማ። "ባሕር ኃይል ምግብ የሚሠራላችሁ አልነበረም?"

ጋሽ መኮንን ተቀመጡ። ሰናይት ግን አልሳቀችም። እናቷ ፊት ተንበረከከች። "እና እማዬ፣ ጠበል ነው ለምን አልሽን?"

"ውሃ ነው ብል ባልሽ ለውርርዱ ይነጥቀኛል። ጠበል ነው ስል ማን ይነካብኛል?" ከዚያ ሳቃቸው ቀስ ብሎ ለቀቃቸው። ባዶውን ጠርሙስ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው በመዳፋቸው ያሻሹት ጀመር። "እኔ እዚያ ፌርማታ ላይ ቆሜ ይህ ሁሉ ሕዝብ ዙሪያዬን ሲፈስ፣ በቃ ጠፋሁ፣ ቀለጥሁ ብዬ ነበር። ኋላ እናንተ ስትከራከሩ ሰማሁ። ውሃው እስኪመጣ ጠበቅሁ። ቀመስኩት፤ እውነትም ጨው የለውም። ያ ሁሉ ባሕር ከቦት የራሱን ጣዕም ይዞ የሚኖር ውሃ ካለ፣ ያስቀመጠው አምላክ እኔን አሮጊቷን አውቶቡስ ውስጥ ማስቀመጥ ያቅተዋል? አልኩና ወጣሁ። ሌላ ምንም የለበትም።"

ሰናይት ራሷን እናቷ ጉልበት ላይ ጣለች። ጋሽ መኮንን መነጽራቸውን አውልቀው ያልቆሸሸውን ይጠርጋሉ። ስለ ፋሲካው ማንም አላነሳም፤ መነሳት አላስፈለገውም።

ከምሳ በኋላ እማማ ጠርሙሱን ወደ ጓዳ ወሰዱት። የቧንቧው ድምፅ ተሰማ። ሞልተውት፣ ቡሹን ወትፈው፣ ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት።

"እሱስ ለምንድነው?" አልኩ።

"ገነት ጋ ቶተንሃም ልሄድ ነው፤ መንገድ ላይ ይጠማኛል።" ነጠላቸውን አጣፉ፣ በሩን ከፈቱ፣ ገርበብ አድርገው ዞር ብለው አዩኝ። "የምትመጣ ከሆነ ና። ግን ደጃፍ ላይ አትንቀርፈፍ፤ የዚህ አገር በር ሲዘጋ ሰው አያይም።"